«ድምፄ እንጀራዬ ነው»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሾቹ የጆሮ ናቸው፤ ለሚቀጥለው ወር አቆይቻቸዋለሁ። ሦስቱ ግን ሳይነጋገሩ ስለ አንድ ነገር ጽፈዋል፤ ስለ ማንቁርት። የመጀመሪያው አምስት ገጽ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ይድረስ ለዶክተር። አሰላሙ አለይኩም። እኔ ጅማ መናኸሪያ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሳፋሪ ስጣራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዕድሜዬ 57 ነው። ሲጋራ ከጉርምስናዬ ጀምሮ አጨሳለሁ። ከስምንት ወር በፊት ድምፄ ጎረነነ። ብርድ ነው ብዬ ዝንጅብል በማር ጠጣሁ። እምቢ ሲለኝ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ቶንሲል ነው ብለው ሦስት ጊዜ መርፌና ክኒን ሰጡኝ። ምንም ለውጥ የለም። በኋላ ስፔሻሊስት ጋ ሄድኩ። በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ አየኝ። ናሙና ተወሰደ። ቀኝ የድምፅ አውታሬ ላይ ካንሰር ነው ተባልኩ። ሲቲ ስካኑ አጥንቱን አልነካም፣ አንገትህም ላይ ንፍፊት የለም ይላል። ሐኪሙ ‹ወይ ጨረር፣ ወይ ከፊሉን የማውጣት ኦፕራሲዮን፤ ከዘገየ ግን ሙሉ በሙሉ ይወጣል› አለኝ። ጎረቤቴ ‹ካንሰር ቢላ ከነካው ይበተናል› ይላል። ልጄ ደግሞ ስልኩ ላይ አንገቱ የተበሳ ሰው አሳየኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዶክተር፣ ድምፄ እንጀራዬ ነው። ድምፄ ከሚሄድ እኔ ብሄድ ይሻላል። ምን ይመክሩኛል?»

ወአለይኩም ሰላም ጋሼ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ድምፅዎን የማውቀው መሰለኝ። አዲስ አበባ ስሄድ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ እደርሳለሁ። ጨለማ ነው። ጉም ነው። ሰው ከመታየቱ በፊት ድምፅ ይመጣል። «አዲስ! አዲስ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እሮጣለሁ። ስገባ አውቶቡሱ ገና በግማሽ ባዶ ነው። ያ ሰው እርስዎ ከሆኑ ስለዚያች «አንድ ሰው» ይቅር ብያለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። «ድምፄ ከሚሄድ እኔ ብሄድ» ያሉትን አልቀበልዎትም። አልቆጣዎትምም። ብዙ ሰው እኔ ፊት ተቀምጦ ይህንኑ ይላል። ሁሉም ስለ ድምፅ ይጠይቀኛል። ስለ መዋጥ የሚጠይቀኝ የለም ማለት ይቻላል። እኔን ደግሞ አስቀድሞ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

እስቲ ጣትዎን አንገትዎ ላይ፣ ፊት ለፊት ጎላ ብሎ በሚዳሰሰው ላይ ያድርጉ። ምራቅዎን ይዋጡ። ብድግ አለ አይደል? ማንቁርት እሱ ነው። ምግብ ሲመጣ ብድግ ብሎ ከምላስዎ ሥር ይሸሸጋል። ክዳኑ ይደፋል። ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ግጥም ይላሉ። ምግቡ ከኋላ በኩል ወደ ምግብ ቧንቧ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው። አንዲት ጠብታ መንገድ ከሳተች ትን ይላል። እንግዲህ ማንቁርት ከሁሉ በፊት የሳንባ ዘበኛ ነው። ሁለተኛ የአየር በር ነው። ድምፅ ሦስተኛ ሥራው ነው፤ ትርፍ ሰዓት በሉት። (በነገራችን ላይ ክዳኑን «እንጥል» የሚሉት አሉ። እንጥል ሌላ ነው። አፍ ሲከፈት ተንጠልጥሎ የሚታየው ነው። እባካችሁ እሱንም አታስቆርጡ።)

እኛ ሐኪሞች «ማንቁርቱን አዳንነው» ስንል እነዚህን ሦስት ሥራዎች ማለታችን ነው፤ ወይም መሆን አለበት። በአፍ መብላት። አንገት ላይ ቋሚ ቀዳዳ ሳይኖር መተንፈስ። መናገር። ቦታው ላይ ተቀምጦ ሌት ተቀን ትን እያሰኘ ሳንባ የሚያበላሽ ማንቁርት ለእኔ የዳነ አይደለም።

ደብዳቤዎ ላይ ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። ቀኝ አውታርዎ ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሟል? ሐኪምዎ ካሜራውን አስገብቶ «ኢ በል» ያለዎት ይህን ለማየት ነው። ሲተነፍሱ ሁለቱ አውታሮች እንደ በር ይከፈታሉ፤ «ኢ» ሲሉ ይዘጋሉ። እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ አውታር ላይ ያለ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ገና ከላይ ነው። እየሰነፈ ከሆነ ሥር እየሰደደ ነው። ጨርሶ ከቆመ ጡንቻው ውስጥ ገብቷል፣ ወይም አውታሩን የሚያዞረውን መጋጠሚያ ይዞታል። የሕክምና ምርጫዎ የሚሰፋውም የሚጠበውም በዚህች እንቅስቃሴ ነው። ነገ ሐኪምዎ ጋ ሲሄዱ መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ።

(ለመሆኑ የድምፅ አውታር ሲንቀሳቀስ በግልጽ አይቶ ለዓለም የነገረው ሐኪም አይደለም። ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ የዘፈን አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 የጥርስ ሐኪም መስታወት ጉሮሮው ውስጥ አስገብቶ፣ በሌላ መስታወት የፀሐይ ብርሃን እያበራ የራሱን አውታር አየ። 101 ዓመት ኖረ። እንደ እርስዎ በድምፅ የሚያድር ሰው ነበር።)

አውታሩ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስና ካንሰሩ ከላይ ብቻ ከሆነ ሁለት ጥሩ መንገድ አለ። አንዱ በአፍ በኩል የሚሠራ ኦፕራሲዮን ነው። ይደነዝዛሉ፣ የብረት ቱቦ በአፍዎ ይገባል፣ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ በሌዘር ወይም በቀጭን መሣሪያ የታመመውን ይቆርጣል። አንገት አይነካም። ብዙዎች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ቤታቸው ይገባሉ። ሌላው ጨረር ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሰባት ሳምንት ያህል ነው። በሁለቱም ከመቶ ዘጠና ገደማው ከካንሰሩ ይገላገላል። በዚህ ደረጃ ላይ ከሚያዙ ካንሰሮች ሁሉ እንዲህ ያለ ውጤት ያለው ጥቂት ነው።

የትኛው ይሻላል ይሉኝ ይሆናል። የእኔ ዝንባሌ ከታወቀ፣ የሚቻል ከሆነ በአፍ መቁረጡን አስቀድማለሁ። ለምን? ጨረር እዚያው ቦታ ላይ ሁለተኛ ጊዜ መስጠት ከባድ ነው። መጀመሪያ ቆርጠን ካንሰሩ ቢመለስ ጨረሩ በእጃችን አለ። በተቃራኒው ጨረር ወስደው ቢመለስ፣ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ወደ ማውጣት እንገፋለን። ግን ይህ የእኔ ዝንባሌ ነው። ካንሰሩ ወደ ጥልቅ ገብቶ ብዙ ሥጋ መቁረጥ የሚጠይቅ ከሆነ ከመቆረጡ ይልቅ ጨረሩ የተሻለ ድምፅ ሊያስቀርልዎ ይችላል። ሌላም አለ። አንገታቸው የማይታጠፍ፣ አፋቸው እንደ ልብ የማይከፈት ሰዎች አሉ። የብረት ቱቦው ካልገባ የማይታይ ነገር አይቆረጥም።

አውታሩ የሰነፈ ወይም የቆመ፣ ግን ከሥሩ ያለው መጋጠሚያ ያልተያዘ ከሆነ፣ ሐኪምዎ «ከፊሉን ማውጣት» ያሉት በአንገት በኩል የሚሠራው ይሆናል። ይህን ትንሽ ላብራራው፤ ምክንያቱም ሰው «ከፊሉን» ሲባል እንደ ዳቦ ግማሹን የምንገምስ ይመስለዋል።

ማንቁርት የተሠራው ከልም አጥንቶች ነው፤ ቅርጭጭት ከምንለው። ከፊት ጋሻ የሚመስል አለ፤ አሁን በጣትዎ የነኩት። ከሥሩ ቀለበት አለ፤ ዙሪያውን የተዘጋ፣ ከኋላ እንደ ማኅተም ቀለበት ሰፋ ያለ። ቀለበቱ ላይ ከኋላ ሁለት ትንንሽ ልም አጥንቶች ተቀምጠዋል። አውታሮቹን የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው። ከሁሉ በላይ፣ ምላስ ሥር፣ የፈረስ ጫማ የሚመስል አጥንት አለ። በዚህ ኦፕራሲዮን ጋሻው ሁለቱንም አውታሮች ይዞ ይወጣል። ቀለበቱ ይቀራል። ከትንንሾቹ ቢያንስ አንዱ ከነነርቩ ይቀራል። ከዚያ የፈረስ ጫማው አጥንት ወደ ታች ተስቦ ከቀለበቱ ጋር ይሰፋል። የቀረችው ትንሽ አጥንት ወደ ፊት እየጎነበሰች ከምላስ ሥር ጋር ትገጥማለች። አዲሱ ዘበኛ እሷ ናት። አዲሱ ድምፅም ከእሷ ነው የሚመጣው።

ይህን ዓይነት ኦፕራሲዮን ሁለት የኦስትሪያ ሐኪሞች፣ ማየርና ሪደር፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ጽፈው አሳተሙት። በኋላ ፈረንሳዮች አሻሻሉትና አስፋፉት። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ሙሉ ማንቁርቱን ነበር የሚያጣው። ለካንሰር ሙሉውን በማውጣት የመጀመሪያው ቴዎዶር ቢልሮት ነው። ቪየና ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1873። የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ያኔ እንኳ ረዳቱ ጉሰንባወር ለታካሚው ሰው ሠራሽ ማንቁርት ሠርቶለት እንዲናገር አድርጓል። ድምፅ ቀርቶ መኖር ከዚያ ጀምሮ ማንንም አላስደሰተም።

ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ምን እንደሚጠብቅዎ ሳላሽሞነሙን ልንገርዎት። አንገትዎ ላይ ቀዳዳ ይኖራል፤ ግን ጊዜያዊ ነው። እብጠቱ እስኪወርድ መተንፈሻ ነው፤ በኋላ ይዘጋል። ልጅዎ ያሳየዎት ሰውዬ ሙሉው የወጣለት ይሆናል፤ የእሱ ቋሚ ነው። በአፍንጫዎ የምግብ ቱቦ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ለተወሰኑ ሳምንታት ይቆያል። ከዚያ መዋጥ እንደ ሕፃን እንደገና ይማራሉ። ትን ይልዎታል። ይናደዳሉ። የሚያልፍ ነው፤ ሳንባዎ የሚችለው ከሆነ።

ሳንባ ያልኩት ለዚህ ነው። በመማሪያው ጊዜ ጥቂት ጥቂት ምራቅና ምግብ ወደ ሳንባ መግባቱ አይቀርም። ጠንካራ ሳንባ አስሎ ያወጣዋል። በሲጋራ የደከመ ሳንባ ግን በኒሞኒያ ይወድቃል። መጽሐፉ «ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፍ የሚወጣ» ይላል። እኔ ታካሚዎቼን የምጠይቀው ሌላ ነው። «ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በእግርህ ስትወጣ ስንት ጊዜ ትቆማለህ?» አንዱ «ባጃጅ እያለ ለምን በእግሬ?» አለኝ። እሱም መልስ ነው።

አሁን ስለ ድምፅዎ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

ሥራ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። ሄርማታ ገበያ ሱቅ ያለው ሰው ነበር። እንደ እርስዎ ፈራ። እኔም ላጽናናው ብዬ «አይዞህ፣ ድምፅህ ይመለሳል» አልኩት። በእኔ ቤት እውነት ነው የተናገርኩት፤ ይናገራል ማለቴ ነው። ተሠራ፤ ካንሰሩ ጠፋ፤ ቀዳዳው ተዘጋ፤ በአፉ በላ። እኔ ደስ ብሎኛል። ከሦስት ወር በኋላ መጣ። ተቀመጠ። ዝም አለ። ከዚያ በዚያ በሻከረ ድምፁ «ክፍለ ሀገር ላለች ልጄ ደወልኩላት። ‹ይቅርታ፣ ማንን ፈልገው ነው?› አለችኝ» አለ። ምን ልበለው? ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠርዙን እያዞረ ነበር። እስካሁን ትዝ የሚለኝ ያ ባርኔጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ «ይመለሳል» የሚለውን ቃል ትቻለሁ። ለእርስዎም የምለው ይህ ነው። ድምፅ ይኖርዎታል። የድሮው አይደለም። በአፍ በኩል ትንሽ ብቻ ከተቆረጠ ወይም በጨረር ከታከሙ ለድሮው የቀረበ ሊሆን ይችላል። በአንገት በኩል ከተሠራ ሻካራና ዝቅ ያለ ይሆናል፤ ቶሎ ይደክማል። ስልክ ያነጋግራል፣ ገበያ ያገበያያል፣ ልጅ ይቆጣል። መናኸሪያ ውስጥ የአውቶቡስ ሞተር በርቶ «አዲስ!» ማለት ግን አይችልም። ይህን አሁኑኑ ይወቁት። ባትሪ ያላት ድምፅ ማጉያ ዛሬ እንደ ልብ ይገኛል። የሎተሪ አዟሪውም፣ የመድኃኒት ሻጩም አንገቱ ላይ አንጠልጥሏት ይዞራል። ሠላሳ ዓመት በባዶ ጉሮሮ የሠሩትን እሷ ትሥራው።

ጎረቤትዎ ስለ ቢላ ያሉት በየቤቱ የሚወራ ነው። ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ሰው ይዘገያል፣ ይዘገያል፤ ሲብስበት ይመጣል፤ ይሠራል፤ ይሞታል። ለቀስተኛው የሚያስታውሰው ቢላውን ነው። ካንሰሩ ግን ቀድሞ ተበትኖ ነበር። ሐኪሙ ካንሰሩን የሚያወጣው ከዙሪያው ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ ነው። ጠርዙ ላብራቶሪ ሄዶ ንጹሕ መሆኑ ይታያል። ከድምፅ አውታር የሚነሳ ካንሰር ደግሞ ወደ አንገት ዕጢዎች ለመሄድ ሰነፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ድምፅ አጎርንኖ ራሱን ያጋልጣል። እርስዎን ስምንት ወር አስጠንቅቆዎታል። የሦስት ጊዜ መርፌው ነገር ያናድደኛል፤ ግን እሱን አሁን ትተን ወደ ፊት እንይ። ለሌላው አንባቢ ብቻ ልናገር፦ ቶንሲል ለወራት ድምፅ አያጎረንንም።

ሙሉውን ማውጣትንም አልደብቅዎትም። ካንሰሩ ልም አጥንቱን በስቶ ከወጣ፣ ወይም ማንቁርቱ አስቀድሞ ሥራውን ካቆመ፣ ሙሉውን ማውጣት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔም ሰው ይናገራል። አየር ዋጥ አድርጎ እያገሳ የሚናገር አለ። አንገት ላይ የሚደገፍ ባለ ባትሪ መሣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ ደግሞ በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል የምትገባ ትንሽ ቫልቭ አለች። ጨረርና ኬሞ (ካንሰርን የሚያጠፋ መድኃኒት) አብሮ መስጠትም አለ። አሜሪካ ውስጥ በጦር ሠራዊት ተሰናባቾች ሆስፒታሎች 332 የከፋ ደረጃ ላይ ያሉ ታካሚዎች ተጠንተው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ። ግማሾቹ ሙሉ ማንቁርታቸው ወጥቶ ጨረር ወሰዱ፤ ግማሾቹ ኬሞ አስቀድመው ጨረር ወሰዱ። በሁለት ዓመት ውስጥ በሕይወት የቆየው ሰው ቁጥር በሁለቱም ወገን እኩል ነበር፤ ከመቶ 68። ኬሞና ጨረር ከወሰዱት ከመቶ 64ቱ ማንቁርታቸው ተረፈ። ጥሩ ዜና ነው። ማንቁርቱ ተረፈ ማለት ግን ሁሉም ሳይቸገር ይውጣል ማለት አይደለም። እዚያው ከላይ ወዳልኩት ተመለስኩ።

እርስዎ እዚህ ደረጃ ላይ አይመስሉኝም፤ የጻፉልኝ ትክክል ከሆነ። ስለዚህ አይዘግዩ። ሐኪምዎን ስለ አውታሩ እንቅስቃሴ ይጠይቁ። «ይህን ኦፕራሲዮን እርስዎ ይሠሩታል ወይስ የሚሠራው ጋ ይልኩኛል?» ይበሉ። ነውር የለውም፤ እኔን የጠየቀኝ ሰው አስቀይሞኝ አያውቅም። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካለዎት ሪፈር ወረቀቱን ሳያጽፉ እንዳይሄዱ፤ በኋላ ወጪው በእርስዎ ይቀራል። ከመወሰንዎ በፊት የጨረር ሐኪምም ይዩ። ጸሎትዎንም፣ ዱዓዎንም ያድርጉ፤ ቀጠሮውን ግን በእሱ አይለውጡ።

ሲጋራውን ዛሬ ይጣሉት። ነገ አይደለም። እያጨሱ ጨረር መውሰድ የጨረሩን ጉልበት ይቀንሰዋል። እያጨሱ ኦፕራሲዮን ቁስሉን ያዘገያል፣ ሳንባውን ያደክማል። «ከያዘኝ ወዲያ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ብዙ ነው የሚያደርገው።

*

ሁለተኛው ደብዳቤ ከአጋሮ ነው። «አባቴ ከፊል የማንቁርት ኦፕራሲዮን ከተሠራ አንድ ወር ሆነው። ገንፎ ይውጣል። ሻይና ውሃ ሲጠጣ ግን ትን ይለዋል፤ ዓይኑ እስኪቀላ ያስለዋል። የአፍንጫ ቱቦውን ‹ሰለቸኝ› ብሎ ሊነቅለው ነው። ቡና ካልጠጣሁም ይላል። እኔ ነኝ የማስታምመው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ በርቺ። የጻፍሽው ነገር ደንበኛ ነው። ሰው ሁሉ ውሃ ቀላል፣ ገንፎ ከባድ ይመስለዋል። ለአዲስ ማንቁርት ግልባጩ ነው። ውሃ ሯጭ ነው። ዘበኛው በሩን ሳይዘጋ ያልፋል። ገንፎ ግን ተሰብስቦ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ አሁን ወፍራም ወፍራሙን ስጪው። የቡላ ገንፎ በጣም ጥሩ ነው፤ ይለሰልሳል፣ ይሰበሰባል። በደንብ የተፈጨ አቮካዶ፣ የላላ ያልሆነ አጥሚት፣ የተፈጨ ድንች። ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ፣ የሚፈረፈር ነገር አይሆንም። ሾርባውን ከነፍሬው አትስጪው፤ ውሃውና ፍሬው ተለያይተው ሲሄዱ ዘበኛው ግራ ይጋባል። ፈጭተሽ አንድ አድርጊው።

አዋዋጡንም አስተምሪው። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ አልጋ ላይ ተጋድሞ አይሆንም። የሻይ ማንኪያ ግማሽ ያህል ይጉረስ። አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋ። ትንፋሹን ይያዝ። እንደያዘ ይዋጥ። ሳይተነፍስ ቶሎ ያስል። እንደገና ይዋጥ። ከዚያ ይተንፍስ። ያዝ፣ ዋጥ፣ አስል፣ ዋጥ። አንቺም ከፊቱ ተቀምጠሽ አብረሽው አድርጊ። የምታጎርሺው ከሆነ እጅሽ አይፍጠን፤ ጉርሻ እንደ ሠርግ ቀን አይደለም። ሲበላ አታናግሪው። ቴሌቪዥኑንም አጥፊው። ከበላ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጠ ይቆይ።

ቱቦውን ግን እንዳይነቅል። ቱቦው የሚወጣው በአፉ የሚበቃውን ያህል ሲበላና ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው። ጎትቶ ካወጣው መልሶ ማስገባቱ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ አዲስ ስፌት አለበት። ውሃና መድኃኒቱ ለጊዜው በቱቦው ይሂድ። ለአባትሽ «ቱቦው ጠላትህ አይደለም፤ እስክትለምድ የሚያበላህ ነው» በይው። አንቺን ባይሰማሽ ከሱ ቀድሞ የተሠራ ሰው ካለ አገናኚው። ታካሚ ታካሚን ይሰማል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ትኩሳት ከመጣ፣ ከበላ በኋላ ድምፁ ውሃ ያለበት ይመስል ከተንኳረረ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም እየከሳ ከሄደ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ይዘሽው ሂጂ።

ቡናውስ? ቡና ቀጭንም ትኩስም ነው፤ ከሁሉ መጨረሻ ነው የሚፈቀደው። አጋሮ ላይ ቡና ከልክሎ መኖር ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። አንድ ታካሚዬ ሚስቱ ቡናዋን ስታፈላ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር። ሲቆላ ጭሱን እያሸተተ። አቦልም፣ ቶናም፣ በረካም አልፎት ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያዋን ማንኪያ በእኔ ፊት ቀመሳት። አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ። አላሳለውም። «ስኳር አንሷታል» አለ።

*

የመጨረሻው አጭር ነው። እዚሁ ከተማ ያለ ተማሪ ነው። «ከኳስ ጨዋታ በኋላ ድምፄ ዘጋ፤ ሁለት ሳምንት ሆነው። ጫት እቅማለሁ፤ ሲቅሙ ማጨስ ደግሞ አይቀርም። ካንሰር ይሆን? ቡናስ ያመጣል?»

ወንድሜ፣ ቡና የማንቁርት ካንሰር አያመጣም፤ ጅማን አታስወቅሳት። የሚያመጣው በዋናነት ሲጋራ ነው። አልኮል ሲጨመርበት ይብሳል። ስለ ጫቱ የምልህ ጫት ላይ ተቀምጠህ በአንድ ከሰዓት የምታጨሰውን ሲጋራ ቁጠር ነው። ሌላ ቀን በሳምንት የማታጨሰውን ያህል ይሆናል።

በአንተ ዕድሜ፣ ከጩኸት በኋላ የመጣ መጎርነን አብዛኛውን ጊዜ የአውታር እብጠት ነው። ድምፅህን አሳርፍ። ማንሾካሾክ ማሳረፍ እንዳይመስልህ፤ አውታሩን ያስጨንቀዋል። ወይ ዝም በል፣ ወይ በቀስታ በደንበኛው ድምፅህ ተናገር። ውሃ ጠጣ። ሦስተኛው ሳምንት የሚሞላበትን ቀን ስልክህ ላይ ጻፈው። በዚያ ቀን ካልተሻለህ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጋ ሄደህ በካሜራ ታይ። ጥቂት ደቂቃ ነው። አፍንጫህንና ጉሮሮህን በሚረጭ መድኃኒት ያደነዝዙሃል። ስትወጣ በሩ ላይ ያለችው ሳምቡሳ ሻጭ ብትጠራህም ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አትብላ፤ ትን ይልሃል።